«ማስታወቂያ» ወይስ «መረጃ»? በየቲሞች ድጋፍ ውሎች ውስጥ ስለሁለት ቃላት ትርጓሜ



ለየቲሞች ድጋፍ የሚደረግ ስምምነት ከለጋሽ ድርጅት ጋርም ይፈረም፣ ከማተሚያ ቤት ጋርም ይፈረም፣ ልጁን ከሚያሳድገው ቤተሰብ ጋርም ይፈረም፣ በአብዛኛው መግቢያው ላይ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ ይኖረዋል። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ዘልሎ የገንዘቡ መጠን ወደሰፈረበት ገጽ ይሻገራል። በዚህ ጽሑፍ ግን እኛ ከዚያው ከተዘለለው አንቀጽ ውስጥ በሁለት ቃላት ላይ ልንቆይ ወደናል፤ «የማስተዋወቂያ ጽሑፍ» እና «የመረጃ ጽሑፍ» በሚሉት። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የት እንደተሰመረ ሳይታወቅ ለልጁ ተብሎ የተሰጠው ብር በየትኛው የሒሳብ ርዕስ እንደሚወጣ፣ የልጁ ፎቶግራፍ በማን እጅ እንደሚገባና በወረቀቱ ላይ የታተመው ቃል ማኅበሩን ያስገድድ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከራሱ ከቋንቋችን ነው። «ዐወቀ» ከሚለው አንድ ግሥ ሦስት እኅትማማች ቃላት ወጥተዋል፤ አሳወቀ፣ አስታወቀ፣ አስተዋወቀ። ማሳወቅ ያልተሰማን ነገር ለሚመለከተው ሰው መንገር ነው። ማስታወቅ ነገሩን ለሁሉም በይፋ ማውጣት ነው። ማስተዋወቅ ደግሞ አንዱ በሌላው ዘንድ እንዲታወቅና እንዲወደድ አድርጎ ማቅረብ ነው። «ማስታወቂያ» የሚለው ስም ግን የሦስቱንም ሸክም ለብቻው ተሸክሞ ይኖራል። በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ግድግዳ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያና የሳሙና ማስታወቂያ ጎን ለጎን ተለጥፈው ቢታዩ የሚገረም የለም፤ በአማርኛችን አራቱም ማስታወቂያ ናቸውና። የቀድሞው የማስታወቂያ ሚኒስቴርም ሸቀጥ የሚያስተዋውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ዋና ሥራው የመንግሥትን መረጃ ለሕዝብ ማድረስ ነበር።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ስፋት ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ለቃሉ የሰጠው ትርጓሜ መነሻው የንግድ ማስታወቂያ ነው፤ ምርትና አገልግሎት እንዲሸጥ፣ ወይም ስም፣ አርማ፣ የንግድ ምልክትና ዓላማ እንዲተዋወቅ የሚሰራጨውን ይይዛል። ነገር ግን የሕዝብና የግል ማስታወቂያዎችንም በዚያው ጥላ ሥር ያስገባል። «ዓላማን ማስተዋወቅ» የሚለው ሐሳብ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት እንግዳ አይደለም፤ የእኛ ብሮሸር ከዚህ ውጭ ሌላ ምን ይሠራል? ስለዚህ አንድ ውል «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል ሳይተረጉም ቢጠቀምበት፣ የዘካ አሰባሰብ ባነርም ሆነ ለአሳዳጊዎች የተላከ የስብሰባ ጥሪ በአንድ ስም ሊጠሩ ነው።

ያልተተረጎመ ቃል በክርክር ጊዜ ምን እንደሚሆን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይነግረናል። የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ ለመፈለግ አይችልም (ቁጥር 1733)። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ግን ውሉ በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመንና የሥራውን ልማድ በመመልከት ይተረጎማል (ቁጥር 1732)። አንደኛው ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ባመጣው የተለመደ ቅጽ ላይ የሰፈረ ቃል ሲያጠራጥር ደግሞ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል (ቁጥር 1738)። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ለማኅበራት ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአሳዳጊ ቤተሰቦች ፊት የምናስቀምጠውን ቅጽ ያዘጋጀነው እኛው ነንና፣ ጥርጣሬው ሁሉ በእኛ ላይ ይወድቃል። ተገቢም ነው።

በቃል ላይ ሳይግባቡ መስማማት ለዚህ ምድር አዲስ ታሪክ አይደለም። ከደብረ ታቦር እልፍ ብላ ወደምትገኘው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጡት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በአብዛኛው በሃይማኖት ማኅበር የተላኩ ነበሩ። የላካቸው ወገን «ሥራ» ሲል የእጅ ሙያ እየሠሩ ሃይማኖታቸውን ማስፋፋትን ያስብ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ «ሥራ» ሲሉ መንገድና መድፍ ነበር የሚታያቸው። ፍጻሜው በ1867 እ.ኤ.አ. ጋፋት ላይ የተሠራውና ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል ሆነ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረ አንድ የትርጓሜ አንቀጽ ያን ሁሉ ይለውጠው ነበር ማለታችን አይደለም፤ ንጉሡ አንቀጽ የሚያግዳቸው ሰው አልነበሩም። የቃሉ ትርጉም የሚወሰነው ጉልበት ባለው ወገን መሆኑን ለማሳየት ግን ይበቃል፤ በማኅበርና በአንዲት የየቲም አያት መካከል ጉልበት ያለው ወገን ማን እንደሆነ ደግሞ ግልጽ ነው።

እንግዲህ መስመሩ በምን ይሰመር? ብዙ ውሎች በቁሱ ዓይነት ሊለዩት ይሞክራሉ፤ ባነር፣ ፖስተር፣ ቲሸርትና ስቲከር ማስተዋወቂያ ናቸው፣ ሪፖርት፣ መጽሔትና መመሪያ መረጃ ናቸው ይላሉ። ይህ አከፋፈል ለመጻፍ ቀላል፣ ለማሳሳትም ቀላል ነው። የክትባት ቀን የሚናገር ባነር መረጃ ነው፤ ከገጽ እስከ ገጽ የሊቀመንበሩን ፎቶግራፍ የያዘ «ዓመታዊ ሪፖርት» ደግሞ ስሙ ሪፖርት ቢሆንም ሥራው ማስተዋወቅ ነው። ከቁሱ ይልቅ ማየት የሚገባን ለምን እንደተዘጋጀ፣ ለማን እንደተዘጋጀና ውስጡ ምን እንዳለ ነው።

ይህን ሦስትዮሽ መለኪያ እኛ አልፈጠርነውም። የአሜሪካ የተመሰከረላቸው የሒሳብ አዋቂዎች ኢንስቲትዩት በ1998 እ.ኤ.አ. ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ባወጣው የሒሳብ አያያዝ ደንብ፣ ገንዘብ መጠየቅንና ማስተማርን በአንድ ወረቀት ላይ ለሚያጣምር ሥራ ሦስት ነጥቦችን አስቀምጧል፤ ዓላማ፣ ተደራሽ ወገንና ይዘት። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ የሥራው ወጪ በአጠቃላይ እንደ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚያስተምረን ስለተደራሹ ወገን የተባለው ነው። ወረቀቱ የሚላከው ቀድሞ ለሰጡ ወይም የመስጠት አቅም ስላላቸው ለተመረጡ ሰዎች ከሆነ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ዓላማው ገንዘብ መጠየቅ እንደሆነ ይገመታል። ማለትም አንድ ጽሑፍ «ስለየቲሞች ጤና እናስተምራለን» ቢል፣ ግን የሚታደለው ለነጋዴዎች ብቻ ሆኖ የየቲም አሳዳጊዎች ካላዩት፣ ትምህርቱ ለማን ነው ተብሎ ይጠየቃል።

ሌላው ምሳሌ ከጨቅላ ሕፃናት ምግብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እናቱን ላጣ ሕፃን ይበልጥ ይቀርባል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶች ግብይት ደንብ ውስጥ ስለመረጃና ትምህርት የሚናገረው ክፍልና ለሕዝብ ስለሚደረግ ማስተዋወቅ የሚናገረው ክፍል ተለያይተው ተቀምጠዋል። የዱቄት ወተት አምራቹ የትምህርት ጽሑፍ በነፃ ሊሰጥ የሚችለው አግባብ ያለው የመንግሥት አካል ሲጠይቅና በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። ጽሑፉ የድርጅቱን ስምና አርማ ሊይዝ ይችላል፤ የሚሸጠውን የምርት ስም ግን ሊጠቅስ አይችልም። ብልሃቱን ልብ በሉ። አርማ መኖሩ ብቻውን አንድን ጽሑፍ ማስተዋወቂያ አያደርገውም፤ አንባቢው እንዲገዛ የሚገፋው ነገር ሲገባበት ነው መስመሩን የሚያልፈው። በየቲሞች ድጋፍ ሥራ «ምርቱ» የሚሸጥ ነገር ባይሆንም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ዛሬውኑ ይለግሱ» የሚል ጥሪ ያንኑ ቦታ ይይዛሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ረመዳን ሲቃረብ የሚታተመውን የጾም ሰዓት ሰሌዳ እንውሰድ። የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት የያዘ በመሆኑ ለምእመኑ የሚያስፈልግ መረጃ ነው። ከላይ የማኅበሩ አርማ አለበት፤ ይህም ቢሆን ማን እንዳሳተመው የሚገልጽ ነው። ከግርጌው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲጨመርበት፣ ከዚያም አልፎ ዳራው ላይ የአንዲት የቲም ሕፃን ምስል በሙሉ ገጽ ሲወጣ፣ ሰሌዳው ምን ሆነ? ሰዓቱን ለማወቅ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለሠላሳ ቀን ይሰቀላል፤ ልጅቷም ለሠላሳ ቀን በማታውቃቸው ሰዎች ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። በእኛ አስተያየት ሰዓቱ መረጃ ነው፣ የሒሳብ ቁጥሩ ማስተዋወቂያ ነው፣ ምስሉ ግን ለሰዓቱም ለቁጥሩም የማያስፈልግ ስለሆነ በውሉ አስቀድሞ መከልከል ይገባዋል። እንዲህ ላለው ቅይጥ ሥራ ውሉ ከሁለት መንገድ አንዱን ሊመርጥ ይችላል፤ ወይ ወጪውን እንደየድርሻው መክፈል፣ ወይ ቅይጡን ሁሉ እንደ ማስተዋወቂያ መቁጠር። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ክፍፍሉ በገጽ ስፋት ይሁን በቃላት ብዛት ሲባል የሚነሳው ሙግት ከሚታተመው ወረቀት ዋጋ በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ስለ ገንዘቡ ስናነሳ፣ የትርጓሜው ጉዳይ ከቃላት ጨዋታ አልፎ የሕግ ጣሪያ ይነካል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የአስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነ ሲዘረዝርም ከኦዲት ክፍያ፣ ከባንክ አገልግሎትና ከመሰል ወጪዎች ጋር የማስታወቂያ ወጪን ጨምሯል፤ የኅትመት ወጪንም እንዲሁ። ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ወጪ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ስፋትና ጥበት የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ ከሁለት ይከፍለዋል ማለት ነው።

ለማስረዳት ያህል በዓመት 1,000,000 ብር ገቢ ያለው ማኅበር እንውሰድ። ጣሪያው 200,000 ብር ነው። የጽሕፈት ቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የኦዲት ክፍያ 170,000 ብር ወስደዋል እንበል። ማኅበሩ በዚያው ዓመት 60,000 ብር አውጥቶ ካላንደርና ቲሸርት ቢያሳትም፣ ወጪው ማስታወቂያ ከተባለ ጣሪያው በ30,000 ብር ይጣሳል፤ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ጽሑፍ» ከተባለ ግን በፕሮጀክት ወጪ ስም ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ግልጽ ነው፤ ቲሸርቱ ላይ «የቲምን እንንከባከብ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍና ግንዛቤ ማስጨበጫ ይባላል። ይህ በሕግ ሰው ፊት ሊያከራክር ይችል ይሆናል። ገንዘቡን ለየቲም ትምህርትና ልብስ ነይቶ ለሰጠው ሰው ግን አማናው መጉደሉ አያከራክርም። የሌላ አገር ደንብ ለንጽጽር ብናይ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጎማ ወጪ ደንብ ለስጦታና ለመታሰቢያ የሚታደሉ ዕቃዎችን፣ እንዲሁም ድርጅቱን ብቻ ለማስተዋወቅ የሚወጣን ወጪ ከድጎማው ገንዘብ መክፈልን አይፈቅድም፤ ተጠቃሚዎችን ለመድረስ የሚያስፈልግ የማሳወቂያ ወጪን ግን ይፈቅዳል። ኩባያና ኮፍያ በየትኛውም ስም ቢጠሩ ኩባያና ኮፍያ ናቸው።

በዘካ ገንዘብ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። የዘካ ተቀባዮች ስምንቱ ወገኖች በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 የተዘረዘሩ ናቸው፤ የቲም በየቲምነቱ ብቻ ከእነርሱ ውስጥ አይቆጠርም፤ የሚቀበለው ድሃ ወይም ችግረኛ በመሆኑ ነው። በዘካ አሰባሰብ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ድርሻ በሻፊዒይ መዝሀብ ከስምንት አንድ ነው። ከዚህ ድርሻ ላይ የኅትመት ወጪ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው ለዑለሞች የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ውሉ ግን ቢያንስ የዘካውን ገንዘብ ከሰደቃው ለይቶ፣ ማስተዋወቂያ ከየትኛው እንደሚከፈል በስም መጥቀስ አለበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል፤ ወደ ልጁ ምስል።

በከፋላ ሥርዓት ከፋዩ ሰው ስለሚደግፈው የቲም በየጊዜው ሪፖርት ይደርሰዋል፤ የልጁ የትምህርት ውጤት፣ የጤናው ሁኔታ፣ አዲስ ፎቶግራፍ። ይህ ሪፖርት መረጃ ነው፤ የሚያነበው አንድ ሰው ነው፣ ዓላማውም የተሰጠው አማና የት እንደደረሰ ማሳየት ነው። ያው ፎቶግራፍ ከፋይሉ ወጥቶ በገቢ ማሰባሰቢያ ፖስተር ላይ ሲወጣ ግን ወረቀቱ ብቻ አይደለም የተለወጠው፤ ልጁ ራሱ ከሪፖርት ባለቤትነት ወደ ማስተዋወቂያ መሣሪያነት ተለውጧል። በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው «ስሙ ስላልተጻፈ ምን ይጎዳዋል?» ሊል ይችላል። በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በእብናት ወይም በወረታ ግን ፊቱ ከታየ ስም ማን ያስፈልገዋል? ልጁ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሰልፉ ላይ የቆሙት ጓደኞቹ አይተውታል፤ እናቱ በገበያ ላይ «ልጅሽን ወረቀት ላይ አየነው» ትባላለች። ለሰጪው ክብር የሆነው ሥራ ለተቀባዩ የዕድሜ ልክ ስም ሆኖ ይቀራል። ሰደቃን ከመመጻደቅና ከማስከፋት መጠበቅ ግዴታ እንደሆነ ሁላችንም የተማርነው ነው፤ ይህ ግዴታ ከሰጪው አልፎ አድራሹንም ማኅበር ይይዛል።

ሕጉም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በሕዝብ ፊት ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የሰውየው ታዋቂነት፣ የሕዝብ ሥራ፣ የፍትሕና የፖሊስ አስፈላጊነት፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸመ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሁኔታ። ሕፃኑ ከእነዚህ በየትኛው ይገባል? አንዳንዱ «በአደባባይ የተደረገ የዒድ ልብስ እደላ ላይ የተነሳ ነውና ፈቃድ አያሻም» ብሎ ይከራከራል። የሥርዓቱን አጠቃላይ ገጽታ ማሳየትና አንዱን ልጅ ከሥርዓቱ ቆርጦ አውጥቶ የካላንደር ሽፋን ማድረግ ግን አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ሥርዓቱን አያሳይም፣ ልጁን ነው የሚያሳየው። ያለፈቃድ ምስሉ የታየበት ሰው ማሳየቱ እንዲቆም ሊጠይቅ እንደሚችል ቁጥር 29 ይናገራል፤ ዳኞችም ምስሉን በማሳየቱ የተጠቀመውን ወገን ካሣ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ለተለየ ዓላማ እንዲሰበሰብና ለዚያው ዓላማ እንዲውል የሚያደርግ መርሕ ይዟል። ለሪፖርት የተነሳ ፎቶግራፍ ለፖስተር የሚውለው በሌላ ፈቃድ ነው ማለት ነው።

ፈቃዱን ማን ይሰጣል? ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው በሕግ አካለ መጠን አላደረሰም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ስለልጁ ሰውነት የሚያስበውን አሳዳሪና ስለንብረቱ የሚያስበውን ሞግዚት ይለያል፤ የአማራ ክልልም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው (አዋጅ ቁጥር 79/1995)። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ማስረጃቸውን የሚያወጡት ተከራካሪዎቹ ወገኖች ፈቅደው ከሄዱበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚፈርመው ሰው ልጁን ወደ ማኅበሩ ያመጣው አጎት ሁሉ አይደለም፤ ማስረጃው በእጁ ያለ ሰው ነው። ልጁም ነፍስ ካወቀ ይጠየቅ። ሕግ ባያስገድድ እንኳ አሥራ አራት ዓመት የሞላትን ልጅ ሳይጠይቁ ምስሏን መለጠፍ ነውር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ከአሳዳጊዎቹ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያቶችና እናቶች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይናገራል። በጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ በችኮላ የተነሳ አሻራ በአያቲቱ ላይ የሚያመጣው ግዴታ አይኖርም ማለት ነው። የዕርዳታው እህል በሚታደልበት ቀን፣ በተራ መጠባበቂያው መካከል «እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» ተብሎ የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ሕጉ ቢያልፈው እንኳ ፈቃድ ልንለው ይከብደናል፤ አሻራውን ብትከለክል እህሉ የሚቀርባት እየመሰላት ነውና። ድጋፉና የምስል ፈቃዱ በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይፈረሙ። የምስሉን ፈቃድ የነፈገ ቤተሰብ ድጋፉ እንደማይቋረጥበት በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ጮክ ብሎም ይነበብላቸው።

የታተመ ወረቀት ማኅበሩን ያስገድዳል ወይ የሚለውን ባጭሩ እንለፈው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1687 መሠረት ለሕዝብ የተለጠፈ ወይም የተላከ የዋጋ ዝርዝርና ካታሎግ ለውል የቀረበ ሐሳብ ሆኖ አይቆጠርም። «በወር በዚህን ያህል ብር አንድ የቲም ይደግፉ» የሚለው ብሮሸርም በእኛ አረዳድ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ጋባዥ ነው እንጂ ውል አይደለም። ብሮሸሩ ከስምምነቱ ጋር በአባሪነት ሲያያዝ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቃሉ ሁሉ የውሉ አካል ይሆናል። ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፣ በሥዕል ባማረው ወረቀት ላይ ያነበባችሁት ቃል እንዲጸና ከፈለጋችሁ በፈረማችሁት ስምምነት ውስጥ ወይም በአባሪው መኖሩን ተመልከቱ።

ለውይይት ይረዳ ዘንድ ሁለት የትርጓሜ አንቀጾችን አርቅቀናል፤

«የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ማለት የማኅበሩን ወይም የለጋሹን ስም፣ አርማ ወይም ሥራ በማሳየት አዲስ ድጋፍ፣ አባል ወይም ገቢ ለማግኘት የተዘጋጀ፣ በማንኛውም መንገድ ለሕዝብ የሚሰራጭ ሥራ ነው፤ የገንዘብ ጥሪ ወይም የሒሳብ ቁጥር ያለበትን ማንኛውንም ቅይጥ ሥራ ይጨምራል።»

«የመረጃ ጽሑፍ ማለት ስለድጋፉ አፈጻጸም፣ ስለተጠቃሚዎች መብት ወይም ስለአገልግሎት አሰጣጥ በዚህ ውል ለተጠቀሱ ወገኖች ለማሳወቅ ብቻ የተዘጋጀ ሥራ ነው፤ ማን እንዳዘጋጀው ለመግለጽ የገባ አርማ ይህን ባሕርይውን አይለውጠውም።»

ረቂቁ ላይ «ማለት» እና «ይጨምራል» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። «ማለት» ድንበሩን ይዘጋል፤ «ይጨምራል» ደግሞ ሊያጠራጥር የሚችለውን አንድ ነገር በስም ጠርቶ ወደ ውስጥ ያስገባል። «እና የመሳሰሉት» የሚለውን ሐረግ ሆን ብለን ትተነዋል፤ በውል ውስጥ የበሩን ቁልፍ ለመጣው ሁሉ የሚሰጥ ሐረግ ነውና። በመረጃ ጽሑፉ ላይ «ብቻ» የሚለው ቃል የከረረ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እርሱ ከወጣ ቲሸርቱ ተመልሶ ይገባል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳ በጊዜ ገደብ ሲሆን እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ መታዘዙን ስናስብ፣ በአንድ ቃል ላይ ይህን ያህል መቆየት ትርፍ ሥራ ሆኖ አይታየንም።

ከማተሚያ ቤትና ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር በሚደረገው ውል ላይ ደግሞ ይኸው ትርጓሜ ቃል በቃል መደገም አለበት፤ የመጀመሪያውን ውል ማተሚያ ቤቱ አላየውምና አያስገድደውም። ለኅትመት የተሰጠው የኮምፒውተር ፋይል ሥራው ሲያልቅ ይመለስ ወይስ ይጥፋ፣ ከታዘዘው ቁጥር በላይ የታተመው ትርፍ ቅጂ የማን ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ለራሱ የሥራ ናሙና ብሎ የልጆቹን ምስል በመስኮቱ ላይ ሊለጥፍ ይችላል ወይ የሚሉት ሁሉ እዚያው ይጻፉ። ፈቃዱም የጊዜ ገደብ ይኑረው። አሳዳሪው ፈቃዱን ካነሳ ወይም ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት እምቢ ካለ፣ በመጋዘን የቀረው ካላንደርና ፖስተር በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰበሰብና ወጪው ከየትኛው ሒሳብ እንደሚሸፈን መጻፍ ያስፈልጋል። እኛ 30 ቀን ብለን ሐሳብ አቅርበናል፤ ወጪውም ከማስተዋወቂያው በጀት እንጂ ከልጁ የወር ድጎማ እንዳይነካ።